ዝማሜ፦ ቆሞ፣ እየተንቀሳቀሱ፣ በኅብረት መመሰጥ

ክርስትና ውስጥ ሰውነትን እያንቀሳቀሱ መመሰጥ የሚባል ነገር አለ ወይ ብሎ የሚጠይቃችሁ ሰው ካለ፣ በአንድ ትልቅ በዓል ሌሊት ቅኔ ማኅሌት፣ ሊቃውንቱ ቆመው ወደሚዘምሩበት የቤተ ክርስቲያኑ ክፍል፣ ይዛችሁት ሂዱ። ዝማሜ እዚያ ነው ያለው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት መቋሚያ ይዘው፣ ዜማውን ተከትለው፣ አብረው የሚያደርጉት የረጋ እንቅስቃሴ ነው።

በሁለት ወገን ተሰልፈው ፊት ለፊት ይቆማሉ። የየወገኑ አለቆች ቀኝ ጌታና ግራ ጌታ በየቦታቸው ናቸው፤ መሪጌታው ይመራል። መጀመሪያ ቁም ዜማ ነው፣ ድምፅ ብቻ። ከዚያ ዝማሜው ይገባል፦ መቋሚያው ቀና ይላል፣ ወደ ጎን ያዘነብላል፣ ጫፉ ወደ መሬት ይወርዳል፣ ጉልበት ሸብረክ ይላል፣ አንዲት የግእዝ ቃል ደግሞ ተስባ ተስባ አታልቅም። ቸኩሎ ለመጣ ሰው ይሄ ፈተና ነው። ቆይቶ መረግድ የሚባለው ክፍል ሲመጣ ከበሮና ጸናጽል ይጨመራሉ፣ ጽፋት በሚባለው ላይ ጭብጨባው ይፈጥናል፣ ወረብ በሚባለው ዝማሬ ቤቱ ይሞቃል። ብዙ ሰው የሚወደው ሙቀቱን ነው፤ እኔ ግን ከእሱ በፊት ያለውን እመርጣለሁ።

ሥርዓቱ የሚያያዘው ከ6ኛው ክፍለ ዘመኑ ቅዱስ ያሬድ ጋር ነው። ግእዝ፣ ዕዝልና አራራይ የሚባሉት ዜማዎችም የእሱ ናቸው። ገድሉ እንደሚለው አክሱም ላይ በንጉሥ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር ንጉሡ የያዘው ጦር እግሩን ወጋው፤ ደሙ እየፈሰሰ እሱም አላወቀም፣ ንጉሡም አላወቀም። ተመስጦ ሲባል ሊቃውንቱ የሚጠቅሱት ይህንን ነው።

እንቅስቃሴው ዝም ብሎ መወዛወዝ አይደለም። ሊቃውንቱ ሲተረጉሙት ወዲያና ወዲህ ማለቱ ክርስቶስ በሕማሙ ጊዜ መገፋቱንና መንገላታቱን ያሳስባል፤ የከበሮው ጠፍር ደግሞ የግርፋቱ ሰንበር ነው። ስለዚህ እግርና እጅ ሲሠሩ ልብም ሥራ አለው። ዮጋ ቤት ከሚደረገው የሚለየው እዚህ ላይ ይመስለኛል፦ ሐሳብን ባዶ ማድረግ ሳይሆን በአንድ ነገር መሙላት ነው። በዐቢይ ጾም ከበሮና ጸናጽል ዝም ይላሉ፣ የጾሙ የዜማ መጽሐፍ ጾመ ድጓው በመቋሚያ ይዘመማል። እርጋታውን ለብቻው ማየት የፈለገ ያኔ ይሂድ።

ይህንን ለመልመድ ዓመታት ይፈጃል። ተማሪው ዜማ ቤት ቆይቶ ነው ይህ እንቅስቃሴ የሚሰጥበት አቋቋም ቤት የሚገባው፤ በአቋቋም የጎንደሯ በአታ ቤተ ክርስቲያን ስመ ጥር ናት፣ ደብረ ታቦር ደግሞ ተክሌ በሚባለው የአቋቋም ስልት ትታወቃለች። መቋሚያውም ትርጓሜ ብቻ አይደለም ያለው፣ ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ለሚያድር ሰው ደህና መደገፊያ ነው።

ምእመኑ በዝማሜው አይሰለፍም፤ ከዳር ቆሞ ይከታተላል፣ ሲሞቅ ያጨበጭባል፣ እልል ይላል። መሄድ ካሰባችሁ ነጠላችሁን ለብሳችሁ በጊዜ ድረሱ። ጠዋት ለቅዳሴ ብቻ የሚመጣ ሰው ማኅሌቱ ካለቀ በኋላ ነው የሚደርሰው።