«ስትፈልግ ታያለች»፦ ስለ ደከመ ዐይን የምንሳሳትባቸው ነገሮች

እናቴ ግላኮማ የተባለ የዐይን በሽታ እንዳለባት ካወቅን ስድስት ዓመት ሆነን። የምንኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። በእነዚህ ዓመታት ከዘመድ፣ ከጎረቤት፣ ከራሴም አፍ ደጋግሜ የሰማኋቸው አባባሎች አሉ። አብዛኞቹ ከፍቅር የሚመጡ ናቸው። ግን ስህተት ናቸው። አንዳንዶቹ እናቴን ከበሽታው በላይ ቤት አስቀምጠዋታል።

የማወራው ጨርሶ ስለማያይ ሰው አይደለም። ሰው «ጭላንጭል ያያል»፣ «ዐይኑ ደክሟል» ስለሚለው፣ ሐኪሞች ሎው ቪዥን ስለሚሉት ነው። ታክሞም፣ መነጽር አድርጎም ዐይኑ የማይበቃው ሰው ማለት ነው። በመለኪያው ጤነኛ ዐይን ከ18 ሜትር የሚለየውን ፊደል 6 ሜትር ድረስ ቀርቦም የማይለይ፣ ወይም የሚያይበት ስፋት በጣም የጠበበበት ሰው እዚህ ውስጥ ይገባል። በ1998 ዓ.ም. ገደማ በአገር አቀፍ ደረጃ የተደረገው ጥናት ከመቶ ሰው 1.6 ያህሉ ዐይነ ስውር፣ 3.7 ያህሉ ደግሞ ዝቅተኛ ዕይታ ያለው መሆኑን አግኝቷል። ለአንድ ዐይነ ስውር ከሁለት በላይ ማለት ነው። እኛ ግን ሰውን «ያያል» ወይም «አያይም» ብለን ነው የለመድነው። መሐል ላይ ያለውን ሰው ምን እንደምናደርገው አናውቅም።

«ስትፈልግ ታያለች፣ ሳትፈልግ አታይም»

እናቴ መርፌ ትሰካለች። ጥቁሩን ክር ነጭ ወረቀት ላይ ዘርግታ፣ ጫፉን ምራቅ አስነክታ፣ ቀዳዳውን ወዲያው ታገኘዋለች። ከዚያ ተነስታ ወደ ጓዳ ስትሄድ በርጩማ ያደናቅፋታል። አንድ ቀን ጎረቤታችን ይህን አይታ «እትዬ፣ መርፌው ታይቶዎት በርጩማው እንዴት አይታይዎትም?» አለቻት። በክፋት አልነበረም። ግን እናቴ ለብዙ ወር ሰው ፊት መርፌ አልያዘችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ግላኮማ ዐይንን ከአንጎል የሚያገናኘውን ነርቭ ይጎዳል። አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚወስደው ዳር ዳሩን ነው። መሐሉ ረጅም ጊዜ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ እናቴ የምታየው በሸንበቆ ቀዳዳ እንደሚመለከት ሰው ነው። ቀዳዳው ውስጥ የገባ ነገር ጥርት ብሎ ይታያታል። ከዚያ ውጭ ያለው ጨልሞ እንኳ አይታያትም፤ ጭራሽ የለም። መርፌው ቀዳዳው ውስጥ ነው፣ በርጩማው ውጭ ነው።

ከእኛ ሁለት ቤት አለፍ ብለው የሚኖሩ ጡረታ የወጡ መምህር አሉ፣ ጋሼ ነው የምንላቸው። የእሳቸው የእናቴ ተቃራኒ ነው። ማኩላ የሚባለው የዐይን መሐለኛ ክፍል ተጎድቶ መሐሉ ጠፍቶባቸዋል፣ ዳር ዳሩ ቀርቷቸዋል። መንገድ ላይ ሲሄዱ ድንጋዩንም ቦዩንም አልፈው ነው፤ የሰው ፊት ግን አይለዩም። ሰላም ሲሏቸው ጆሮዎን ወይም ከትከሻዎ በላይ ያያሉ። በቀረላቸው በኩል ሊያዩዎት ነው። ይህን የማያውቅ «ጋሼ ኮሩ» ብሎ ተቀይሟቸዋል። ስምዎን ቢጠሩላቸው፣ «ጋሼ፣ እኔ እገሌ ነኝ» ቢሉ ነገሩ ሁሉ ያልቃል።

በዚያ ላይ ዕይታ በአንድ ቀን ውስጥ ይለዋወጣል። እናቴ ረፋድ ላይ መስኮት ስር ያየችውን ሲመሽ አታየውም። ከጠራራ ፀሐይ ወደ ሱቅ ስትገባ በሩ ላይ ቆም ትላለች፤ ዐይኗ ጨለማውን እስኪለምድ ነው። ያኔ ከኋላ «ግቡ እንጂ!» ብሎ መግፋት አደጋ ነው።

ይህን ያህል የቆየሁበት ምክንያት አለኝ። «ታስመስላለች» የተባለ ሰው የቀረውን ዐይን መደበቅ ይጀምራል። መሥራት የሚችለውን ይተዋል።

«ዐይንሽን አሳርፊው፣ ይጨርሳል»

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ጥጥ ስትፈትል አይቻት እንዝርቱን ከእጇ የወሰድኩበት ቀን አለ። ዐይን ግን ሲጠቀሙበት እንደሚያልቅ የኩራዝ ጋዝ አይደለም። ማንበብ፣ መፍተል፣ ቴሌቪዥን ቀርቦ ማየት ግላኮማዋን አያባብሰውም። ዐይኗ ይደክማል፣ ያኔ ታርፋለች፣ በቃ።

መጽሐፍ አፍንጫው ላይ ለጥፎ የሚያነብ ዕይታው የደከመ ልጅም እንዲሁ ነው። መቅረቡ የእሱ ማጉያ ነው። «ራቅ አድርገህ ያዝ» ያለው መምህር ማጉያውን ነጠቀው ማለት ነው። ከፊት ወንበር ቢቀመጥ፣ ሰሌዳው በስልክ ፎቶ ቢነሳለት፣ ከጓደኛው ደብተር እንዲገለብጥ ጊዜ ቢሰጠው ብዙ ልጆች በፊደል መማር ይችላሉ። ዕይታው በጣም እየቀነሰ ከሄደ ብሬልን ጎን ለጎን ቢማር ደግሞ ጥቅም ነው፣ ውርደት የለውም።

እንዝርቱን መለስኩላት። አሁን ስትፈትል ጉልበቷ ላይ ጥቁር ጨርቅ ታነጥፋለች። ነጩ ፈትል በጥቁሩ ላይ ይታያታል።

«መብራት መጨመርና ማጉላት ነው»

እኛም መጀመሪያ ያደረግነው ይህንን ነው። ሳሎን ውስጥ ትልቅ አምፖል ገጠምን። እናቴ «ዐይኔን ወጋኝ» አለች። ብርሃኑ መውደቅ ያለበት የያዘችው ሥራ ላይ ነው እንጂ ፊቷ ላይ አልነበረም። ትንሽ የጠረጴዛ መብራት በትከሻዋ በኩል ስናደርግላት ይበልጥ አየች። ውጭም ያው ነው። ከሰዓት በኋላ ጣና ዳር ስንሄድ ውሃው ላይ የሚያንጸባርቀው ፀሐይ ፊት ለፊቷን ሁሉ ነጭ ያደርግባታል። ሰፊ ባርኔጣ ወይም ጥላ ያን ጊዜ ከመነጽር በላይ ይረዳታል።

ማጉላትም ለሁሉም አይሆንም። ለጋሼ የስልካቸውን ፊደል እስከ መጨረሻው አጉልተንላቸው ደስ አላቸው። ለእናቴ ተመሳሳዩን ሳደርግ ማንበብ አቃታት። ፊደሉ ገዝፎ ከጠባቧ ቀዳዳ አለፈ፤ አንድ ቃል ሙሉውን አይገባላትም። ለእሷ መካከለኛ ፊደል፣ ጥቁር መደብ ላይ ነጭ ጽሑፍ ነው የሆነላት። ስለዚህ ከማድረግ በፊት መጠየቅ፣ ከዚያም አብሮ መሞከር ነው።

ከመብራትም ከማጉያም በላይ ርካሹ ነገር የቀለም ልዩነት ነው። ይህን ያስተማረችን ቡናዋ ናት።

እናቴ ቡናዋን ራሷ ታፈላለች። ቆልታ እንደጨረሰች ከሽታው ታውቃለች። ስትቀዳ ጆሮዋን ዘንበል ታደርጋለች፤ ሲኒው ሊሞላ ሲል ድምፁ ይቀጥናል። ጥቁሩ ቡና በነጩ ሲኒ ውስጥ ከፍ ሲልም ይታያታል። አንድ ቀን ግን ቡናው በሲኒዎቹ መሐል ፈሰሰ። እህቴ ደንግጣ «ከዛሬ ጀምሮ የማፈላው እኔ ነኝ» አለች። እናቴ ጀበናውን ማቶቱ ላይ አስቀመጠችና ዝም አለች። ቆይታ «ይህን ነጭ ጨርቅ አንሱልኝና ያችን ቡናማዋን አምጡልኝ» አለች። ረከቦቱ ላይ የነበረው ጨርቅ ነጭ ነበር፣ ሲኒው ነጭ ነው። ቡናማዋ ስትነጠፍ ሲኒዎቹ ብቅ አሉላት። ከዚያ ወዲህ ቡና አልፈሰሰም።

ይህን ካየን በኋላ የደረጃውን ጠርዝ ቢጫ ቀባነው። የጨውና የስኳር ጣሳዎችን ክዳን በተለያየ ቀለም ለየን። ለሁሉም ያወጣነው ከአንድ ቆርቆሮ ቀለም ዋጋ አይበልጥም። አንድ ነገር ግን በጣም ከባድ ነበር፤ ዕቃን ካነሱበት ቦታ መመለስ። በርጩማውን መተላለፊያ ላይ የሚተወው ከእኛ አንዱ ነበርና።

«ነጭ በትር ጨርሶ ለማያይ ነው»

አይደለም። ዳር ዳሩ የጠፋበት ሰው እግሩ ስር ያለውን በበትሩ ያውቃል። ክዳኑ የተነሳ ቦይ ባለበት መንገድ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በትሩ ለሌላውም ይናገራል፤ የባጃጅ ሾፌሩ ከሩቅ አይቶ ይጠነቀቃል። እናቴ ሁለት ዓመት «ሰው ምን ይለኛል» ብላ እምቢ ብላ ነበር። አሁን የምትይዘው ሲመሽና ወደማታውቀው ሰፈር ስትሄድ ብቻ ነው። እንደዚያም ይቻላል። በትር ይዛ ቆማ ስልኳን ብታነብ ማንንም አላታለለችም።

«እጇን ይዞ ማሻገር ነው»

ቅዳሜ ገበያ አካባቢ መንገድ ዳር ቆማ ባጃጅ ትጠብቃለች። አንድ ጎረምሳ መጥቶ «ማዘር፣ ላሻግርዎት» ብሎ ክንዷን ያዘና ጎተታት። ልጁ ደግ ነው። እሷ ግን መሻገር አልፈለገችም ነበር። ማዶ ላይ አቁሟት ሄደ።

መጀመሪያ መጠየቅ ነው፤ «ልርዳዎት?» ብሎ መልሱን መጠበቅ። «አይ» ካለች አይ ነው። «እሺ» ካለች ክንድዎን ይስጧት፤ እሷ ከክርንዎ ከፍ አድርጋ ትይዛለች። ግማሽ እርምጃ ቀድመው ይሂዱ፣ አካሄድዎ ራሱ መንገዱን ይነግራታል። ደረጃ ሲመጣ ቆም ብለው «ወደ ላይ» ወይም «ወደ ታች» ይበሉ። «እዚህ ጋ»፣ «እዚያ ጋ» አይሠራም፤ «በቀኝዎ፣ ሁለት እርምጃ» ይሠራል። ሲለዩ ደግሞ «ሄድኩ» ይበሉ። ሰው ሄዶ ሳለ ለባዶ ወንበር ማውራት ምን ያህል እንደሚያሳፍር እናቴን አይቼ አውቃለሁ።

«እርጅና ነው፣ ምን ይደረጋል»

ብዙ ይደረጋል። የዐይን ሞራ በአጭር ቀዶ ሕክምና ይወጣል፣ በምትኩ ሌላ ሌንስ ይገባል። በትራኮማ ምክንያት ወደ ውስጥ የተቀለበሰ የዐይን ሽፋሽፍትም ብሌኑን ሳያቆስል በቀዶ ሕክምና ይስተካከላል። ግላኮማ የወሰደውን አይመልስም፤ ጠብታው የቀረውን ይጠብቃል። ለዚህ ነው ሳይቋረጥ በየቀኑ የሚደረገው። ስለማያምም ብዙ ሰው «ተሻለኝ» ብሎ ይተወዋል። ጠበል የምትሄድ ጠብታዋን ይዛ ትሂድ፤ እናቴ ሁለቱንም ታደርጋለች። ቅጠል ጨምቆ ዐይን ውስጥ ማድረግ ግን ጤነኛውንም ብሌን ያቆስላል፣ እባካችሁ ተዉት።

ግላኮማ በቤተሰብም ይሄዳል። እናት፣ አባት፣ ወንድም ወይም እህት ላይ ከተገኘ ሌሎቻችሁም ታዩ። እኔና እህቴ ታይተናል። ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የዐይን ክፍል አለ፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም የዐይን ማዕከል አለው።

«ገንዘቧን እኛ እንያዝላት»

ብሮቹ በቀለም ይለያሉ፤ 200ው ሐምራዊ፣ 100ው ሰማያዊ፣ 10ሩ አረንጓዴ። በቀን ትለያቸዋለች። ሲመሽ ስለሚመሳሰሉባት ቤት ሆና ታጥፋቸዋለች። 200ው በቁመቱ፣ 100ው በወርዱ ይታጠፋል፣ 50ው ሳይታጠፍ። መቀነቷ ውስጥ እጇን ከታ በጣቷ ታወጣዋለች። ባለሱቁ መልስ ሲሰጣት አንድ በአንድ እየጠራ እንዲቆጥርላት ትጠይቃለች። ገንዘቧ በእኛ እጅ በነበረበት ጊዜ ለለቅሶና ለማኅበር የምታወጣውን እንኳ እያስፈቀደች ነበር። በስልሳ ስምንት ዓመቷ!

ስልኩም እንዲሁ ነው። አንድሮይድ ላይ ቶክባክ የሚባለው የተነካውን ነገር ያነብላችኋል። ኢስፒክ የተባለው ነፃ የንባብ ድምፅ አማርኛም ይችላል፤ እንደ ሰው አይጥምም ግን ይገባል። እናቴ ለልጅ ልጆቿ በቴሌግራም በድምፅ ትልካለች፣ ብዙ ጊዜ ከሚፈለገው በላይ ረጅም አድርጋ።

ሥራ ላይ ላሉት ደግሞ አዋጅ ቁጥር 568/2000 አለ። አሠሪ ሰውን በአካል ጉዳቱ ምክንያት እንዳያገል ይከለክላል፣ የሥራ ቦታውን እንዲያመቻች ያስገድዳል። ዕይታው ለደከመ የቢሮ ሠራተኛ ያ ማመቻቸት አንዳንዴ የኮምፒውተሩን ፊደል ከማስተካከልና ጠረጴዛውን ከመስኮቱ አንጻር ከማዞር አያልፍም።

«እሷ ምን አያለሁ ብላ ትሄዳለች?»

ይህን ያለው አጎቴ ነው። ለየካቲት ኪዳነ ምሕረት ዘጌ ለመሄድ ስንዘጋጅ ነበር። እናቴ ሰማችው። ነጠላዋን አጣፍታ ቀድማን ወጣች።

ጀልባው ላይ ስትሳፈር ክርኔን ያዘች፤ «ወደ ታች፣ አንድ ጫማ ያህል» አልኳት፣ ወረደች። ዘጌ ደርሰን በቡናው ጫካ መሐል ስንወጣ በትሯን ይዛ ከእኛ ፈጠነች። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ደርሰን ከሥዕሎቹ ፊት ስንቆም ግን ዝም አለች። ግድግዳው ሰፊ ነው። በዚያች ቀዳዳ ቁርጥራጩ እንጂ ሙሉው አይገባም።

ስልኳን አወጣች። ፈቃድ ጠይቃ፣ ያለ ፍላሽ፣ ራቅ ብላ አነሳችው። ያ ሁሉ ግድግዳ አንሶ መዳፏ ውስጥ ገባ። ሙሉውን አየችው። ከዚያ በጣቷ እየከፈተች ቁራሽ ቁራሹን ተመለከተች፤ በላዔ ሰብእ ጋ ስትደርስ ቆመች። ለተጠማው ሰው ውሃ የሚሰጥባትን እጅ አጎላችና ለአጎቴ አሳየችው። እሱ ግድግዳው ላይ ፈልጎ እስኪያገኛት ድረስ ቆየ።