ቼክ ኢንጅን ምንድን ነው? «ሴንሰር ቀይሩ» ማለት ግን አይደለም

«ኮምፒውተር አስደርጌ ሴንሰር ነው ተባልኩ፤ የት ይገኛል?» የሚሉኝን ሰዎች መቁጠር ካቆምኩ ቆየሁ። ሰሞኑን ደግሞ አንድ ወንድማችን በሙሉ ልብ እንዲህ ሲል አስተማረ፦ «ቼክ ኢንጅን ሲበራ ኮምፒውተሩ የተበላሸውን ዕቃ ስም ይነግራችኋል፤ ገዝቶ ማስገጠም ነው። ብር ካጠራችሁ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈታ አድርጋችሁ መልሱት፣ ይጠፋል።» ሁለቱም ስህተት ነው። የመጀመሪያው ኪስ ያራቁታል፣ ሁለተኛው ማስረጃ ያጠፋል።

መብራቷ ምን እንደምትመስል አልነግራችሁም፤ ክሩስኮቱ ላይ አፍጥጣባችሁ ይሆናል ይህን የምታነቡት። ከየት እንደመጣች ግን ማወቅ ይጠቅማል። የተወለደችው ከጭስ ጉዳይ ነው። አሜሪካ ከ1996 ሞዴል ጀምሮ በአገሯ የሚሸጥ የቤት መኪና ሁሉ ጭሱን የሚያበላሽ ጉድለት ሲገጥመው ራሱ አውቆ እንዲናገር አስገደደች። አውሮፓም በ2001 በቤንዚን መኪኖች ላይ ተከተለች (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። ስለዚህ የሞተሩ ኮምፒውተር፣ ሴንሰር በሚባሉት መለኪያዎቹ፣ በዋናነት የሚከታተለው ነዳጅና አየር በልክ ተቀላቅለው መቃጠላቸውንና በጭስ ማውጫው የሚወጣውን ነው። የዘይት ግፊት ሌላ መብራት አለው፤ ቀይ ነው። እሱ ሲበራ ዳር ይዞ ሞተር ማጥፋት እንጂ ጋራዥ እስክደርስ ማለት የለም። «ቼክ ኢንጅን አልበራም፣ ሞተሬ ጤነኛ ነው» ብሎ ያለ ዘይት የነዳ ሰው ሞተር አስወርዷል።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር። ኮምፒውተሩን የግቢ ዘበኛ አድርጋችሁ አስቡት። ሌሊት መስኮት ያንኳኳና «ጋሼ፣ በጓሮ በኩል ኮቴ ሰማሁ» ይላል። የሰማው ኮቴ ነው፤ ጅብ ይሁን ሌባ፣ ወይ የጎረቤት ውሻ፣ አላየም። «ሴንሰር ቀይሩ» የሚለው ባለሙያ የሚያደርገው ይህን ዘበኛ አባርሮ ሌላ መቅጠር ነው። አዲሱም በማግስቱ መጥቶ «ጋሼ፣ ኮቴ!» ይላችኋል። ባትሪ ፍቱ የሚለው ወንድማችን ደግሞ ዘበኛው የሰማበትን ሰዓትና ቦታ የጻፈበትን ደብተር ቀዶ ይጥላል። ደብተር ስል የምሬን ነው፤ ኮምፒውተሩ ጉድለቱን ባየበት ቅጽበት የነበረውን የሞተር ሙቀት፣ የመኪናውን ፍጥነት፣ የሞተሩን ዙርና የነዳጁን ሁኔታ መዝግቦ ያስቀምጣል። ለእኔ ኮምፒውተሩ ለጉድለቱ ከሚሰጠው መለያ ቁጥር፣ ከኮዱ፣ ይልቅ ይህ መዝገብ ይበልጥብኛል። ባትሪው ሲፈታ በብዙ መኪኖች አብሮ ይሄዳል።

ዘበኛው ደግሞ በመጀመሪያው ኮሽታ አይቀሰቅሳችሁም። አብዛኛው ጉድለት በሁለት ተከታታይ ጉዞ ካልታየ መብራቷ አትበራም። ጉዞ የምለው ሞተር ተነስቶ፣ ሞቆ፣ ተነድቶ እስኪጠፋ ያለውን ነው። ጉድለቱ ሳይታይ ሦስት ጉዞ ካለፈ ደግሞ መብራቷ በራሷ ትጠፋለች፤ ጽሑፉ ግን ከማኅደሩ ወዲያው አይሰረዝም። «ባትሪ ፈታሁ፣ ሦስት ቀን ጠፍቶልኝ ነበር» የምትሉት እንግዲህ ተስተካክሎ ሳይሆን ዘበኛው እንደገና ሁለቴ እስኪሰማ እየጠበቀ ስለነበር ነው።

ኮዱ ራሱ የሚናገረው ይህንኑ ነው። ፒ 0171ን ውሰዱ። ፒ ማለት የሞተርና የማርሽ ወገን ነው፤ 0 በሁሉም አምራች ዘንድ አንድ ዓይነት ትርጉም ያለው ኮድ መሆኑን ያሳያል፤ 1 የነዳጅና የአየር ነገር መሆኑን። መልእክቱ «ነዳጁ ለአየሩ አነሰ፤ ከተፈቀደልኝ በላይ ጨምሬም ልክ አልመጣልኝም» ነው። ቤንዚን በደንብ ለመቃጠል ከራሱ ክብደት 14.7 እጥፍ ያህል አየር ይፈልጋል። ይህ ሲዛባ በጭሱ ውስጥ የተረፈውን ኦክስጅን አይቶ የሚናገረው ኦክስጅን ሴንሰሩ ነው። የተናገረው እሱ ስለሆነ ጥፋተኛው እሱ ተብሎ ይፈረድበታል። ግን የተዘጋ የነዳጅ ፊልትሮ፣ የደከመ ፓምፕ፣ የቆሸሸ አየር ቆጣሪ (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚለካው)፣ የተቀደደ የአየር ማስገቢያ ጎማ፣ ሁሉም ያንኑ ኮድ ያመጣሉ።

አንዲት መምህርት ኮሮላ ይዘው መጡ። ሁለት ሴንሰር ተቀይሯል፤ መብራቱ አልጠፋም። «እትዬ፣ ማን ነው ቀይሩ ያለዎት?» ስላቸው «ኮምፒውተሩ» አሉኝ። ከመሣሪያው ይልቅ የጠቀመኝ እሳቸው የነገሩኝ ነው፦ መብራቱ የሚበራው ወደ ጢስ ዓባይ በኮረኮንቹ ሲሄዱ ነው፤ ከተማ አስፋልት ላይ ሲከርሙ ይጠፋል። ቦኔቱን ከፍቼ ከአየር ማጣሪያው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ሽብሽብ ያለ ጥቁር ጎማ ያዝኩ። ከላይ ምንም የለውም። አንድ ልጅ ፍሬኑን ጥብቅ አድርጎ ይዞ ማርሹን አስገብቶ ትንሽ ነዳጅ ሲሰጥ ሞተሩ በመቀመጫው ላይ ዘመም አለ፤ በጎማው ሁለት እጥፋት መካከል፣ ከታች በኩል፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ስንጥቅ ተከፈተች። ነዳጅ ሲለቅ ገጠመች። መኪናው ኮረኮንች ላይ በዘለለ ቁጥር አየር በቆጣሪው ሳያልፍ በዚያ ይገባል፤ ኮምፒውተሩ ላልቆጠረው አየር ነዳጅ አያዝለትም። ኦክስጅን ሴንሰሩ እውነቱን ሲናገር ነበር የተጣለው። (ይህ አየር ቆጣሪ ላላቸው መኪኖች ነው። በግፊት ሴንሰር ብቻ የሚሠሩት ላይ ያው ስንጥቅ ይህን ኮድ ላያመጣ ይችላል። ጎማ ሁሉ ጥፋተኛ ነው አላልኩም።)

ዘበኛው ራሱ የሚደነቁርበት ጊዜ የለም ወይ? አለ። ፒ 0135 ለምሳሌ የኦክስጅን ሴንሰሩን ማሞቂያ የኤሌክትሪክ መስመር ነው የሚከሰው፤ እዚያ ሴንሰሩ አንደኛ ተጠርጣሪ ነው። ያኔም ቢሆን ፊውዝና ገመዱ ሳይታይ አይገዛም። ፒ 0420 ደግሞ የጭስ ማጣሪያው፣ ካታሊስቱ፣ ደክሟል የሚል ነው። እኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ደክሞ ሳይሆን ጭራሽ ስለሌለ ነው፤ ፕላቲኒየምና ፓላዲየም ስላለበት አንድ ሰው አውጥቶ ሸጦታል።

«ባሕር ዳር ከፍታ ነው፣ አየሩ ሳስቶ ነው የሚበራው» የሚለውንም ተዉት። እርግጥ ከተማችን 1800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ከአምስት አንድ እጅ ያህል ያንሳል። መኪናው ግን አየሩን የሚቆጥረው ወይም ግፊቱን የሚለካው ለዚሁ ነው፤ ነዳጁን በዚያው ልክ ይቀንሳል። በከፍታ የሚታመመው የካርቡሬተር መኪና ነው። እሱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቼክ ኢንጅን የለውም።

ይልቅ ነዳጁን ጠርጥሩ። ማደያ ሰልፍ ሲረዝም በየጥጉ በሃይላንድ የሚሸጠው ቤንዚን ነጭ ጋዝ ከተደባለቀበት ሞተሩ ይንገጫገጫል፤ ኮዱም ፒ 0300 ይሆናል፣ አንዱ ፒስተን ሳይለይ እሳት ይስታል ማለት ነው። እዚህ ላይ ካንዴላም ኮይልም ብትቀይሩ ለውጥ የለም። መብራቱ የበራው በቀዳችሁ ማግስት ከሆነ መጀመሪያ ለመካኒኩ የምትነግሩት ይህን ይሁን። ጀሪካን አትደብቁ፣ አንቀጣችሁም።

ታዲያ ሲበራ ምን ይደረግ? ዝም ብሎ ከበራና መኪናው እንደ ወትሮው የሚሄድ ከሆነ አትደንግጡ። ሙቀቱን፣ ዘይቱንና ውሃውን እዩ (ራዲያተሩን በጋለበት አትክፈቱ)፣ ሥራችሁን ጨርሱ፣ በዚያው ሰሞን ኮዱን አስነብቡ። ዓባይ በረሃን ግን ሳታስነብቡ አትግቡ። ከ1000 ሜትር በላይ ወርዶ መልሶ የሚወጣ መንገድ ላይ የደከመ የነዳጅ ፓምፕ ማወቅ አያስፈልግም።

ብልጭ ድርግም ካለ ነገሩ ሌላ ነው፤ ዘበኛው ኡኡ እያለ ነው። ሞተሩ እሳት እየሳተ ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ካታሊስቱ ይሄዳል፤ እዚያ ገብቶ ሲቃጠል ውስጡ ያለው ሴራሚክ እስኪቀልጥ ያግላል። እግር ከነዳጅ አንሱ፣ ቀስ ብላችሁ ዳር ያዙ፣ አጥፉ። ፎገራ ሜዳ ላይ ከሆናችሁ የሩዝ ገለባ ላይ አታቁሙ፤ የጋለ ካታሊስት ደረቅ ገለባ ያቀጣጥላል። ይህን ማንም አልጠየቀኝም፣ ግን ማንም ሲናገረው አልሰማሁም።

ጋራዥ ስትገቡ ከማጥፋታቸው በፊት ቁጥሩንና መዝገቡን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። በብሉቱዝ የሚሠራውን ትንሽ መሣሪያ ገዝታችሁ ራሳችሁም ማንበብ ትችላላችሁ። ለጃፓን ገበያ የተሠሩ አንዳንድ የቆዩ ቪትዞች ግን ሶኬቱ አንድ ዓይነት ሆኖ ቋንቋቸው ይለያል፤ አልገናኝ ካለ መሣሪያው ተበላሽቷል ብላችሁ አትጣሉት።

ያገለገለ መኪና የምትገዙ ከሆነ ሞተር ሳታስነሱ ቁልፉን ክፈቱ። መብራቷ በርታ ሞተር ሲነሳ መጥፋት አለባት። ጭራሽ ካልበራች አንድ ሰው አምፖሉን ነቅሏል ወይ ከኋላ ፕላስተር ለጥፎባታል። ብትበራም ማለዳ ኮዱ ተሰርዞ ሊሆን ስለሚችል መሣሪያ ሰክታችሁ ኮምፒውተሩ የራሱን ፍተሻዎች መጨረሱን እዩ። ብዙዎቹ «አልተጠናቀቀም» ካሉ ሻጩን ሐሙሲት ደርሰን እንመለስ በሉትና ስትመለሱ ደግማችሁ አንብቡ።