አልፋ፣ ብራቮ፣ ቻርሊ፦ የሬዲዮ ፊደል ምንድን ነው?

የትኬት ኮድ በስልክ ያስነበበ ሰው ችግሩን ያውቀዋል። «ቢ ነው ያልከኝ?» «አይ፣ ዲ!» «ፒ?» እኛ ብንሳሳት ደግመን እንደውላለን። ጦር ሜዳ ላይ ወይም አየር ላይ ያለ ሰው ግን ያ ዕድል ላይኖረው ይችላል።

የሬዲዮ ፊደል የመጣው ለዚህ ነው። እያንዳንዱ የላቲን ፊደል በአንድ ሙሉ ቃል ይጠራል፦ ኤ አልፋ፣ ቢ ብራቮ፣ ዲ ዴልታ፣ ፒ ፓፓ እያለ እስከ ዙሉ። የኢትዮጵያ አውሮፕላኖች ምዝገባ «ኢቲ» ብሎ ይጀምራል፤ በሬዲዮ «ኤኮ ታንጎ» ይባላል።

ቃላቱ የተመረጡት ለጆሮ ስላማሩ አይደለም። የሞንትሪያል ዩኒቨርሲቲው የቋንቋ ምሁር ዣን ፖል ቪኔ ብዙ ደክሞባቸዋል። በ1951 እ.ኤ.አ. የወጣው ዝርዝር ሥራ ላይ ሲውል አስቸገረ። «ኔክታር» ከ«ቪክተር»፣ «ኤክስትራ» ከ«ዴልታ» ጋር ይምታታ ነበር። ስለዚህ የ31 አገር ዜጎች እየተናገሩና እየሰሙ ቃላቱ እንደገና ተፈተኑ። አምስቱ ተቀየሩ፤ ኔክታር ኖቬምበር፣ ኤክስትራ ኤክስሬይ ሆነ። የተስተካከለው ዝርዝር ከመጋቢት 1956 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሲቪል አቪዬሽንም በኔቶ ጦርም እየሠራ ነው።

እኔን በጣም የሚገርመኝ ጥንቃቄው ነው። «ጁልየት» በጽሑፍ መጨረሻዋ ላይ ሁለት ቲ አላት። አንድ ብቻ ቢሆን ፈረንሳዩ ሳይጠራው ያልፋል። 9 ቁጥር ደግሞ ከ5 ጋር እንዳይምታታ «ናይነር» ይባላል።

በሬዲዮ ንግግር የሚሰማው «ሮጀር»ስ? በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በነበረው የአሜሪካና የእንግሊዝ ጦር ፊደል የ«አር» ስም ነበር። አር ደግሞ «መልእክትህ ደርሶኛል» ለሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ምህጻር ነው። ዛሬ አር «ሮሚዮ» ቢሆንም ሮጀር በቦታው ቀረ። ብዙ ሰው «እሺ» ማለት ይመስለዋል፤ አይደለም። መስማትህን ብቻ ነው የሚናገረው። ትእዛዙን እፈጽማለሁ ለማለት «ዊልኮ» አለ። ፊልም ላይ የምንሰማው «ኦቨር ኤንድ አውት»ም ስህተት ነው። «ኦቨር» ጨርሻለሁ፣ መልስህን እጠብቃለሁ ማለት ነው፤ «አውት» ደግሞ ንግግሩ አበቃ፣ መልስ አልጠብቅም ነው። ሁለቱ አብረው አይሄዱም።

አንዱ ስህተት ግን ከሁሉም ይከፋል። ያልሰማኸውን ለማስደገም «ሪፒት» አትልም፤ «ሴይ አጌን» ነው የሚባለው። በአሜሪካና በእንግሊዝ ጦር የመድፈኞች ቋንቋ «ሪፒት» ያንኑ ዒላማ እንደገና ምታ የሚል ትእዛዝ ነው።