ስለ «ሌድ» የሚነገሩ ስህተቶችና እውነታው

በጅቡቲ በኩል ዕቃ ያስመጣ ሰው «ቢል ኦፍ ሌዲንግ» የሚባለውን ሰነድ ያውቀዋል። በስሙ ውስጥ ያለው «ሌድ» መጫን ማለት ነው፤ ከ1000 ዓመት በላይ ያስቆጠረ የእንግሊዝኛ ግስ ነው። ስለዚህ ቃል ደጋግሜ የምሰማቸውን ስህተቶች እነሆ።

«ሌዲንግ የፊደል ግድፈት ነው፤ ትክክሉ ሎዲንግ ነው።» አይደለም። ስንቱ ጸሐፊ አስተካከልኩ ብሎ ያበላሸዋል! ስሙ የወጣው «ሌድ» የዘወትር ቃል በነበረበት ጊዜ ነው፤ እስከ ዛሬም አልተለወጠም።

«ቢል ስለተባለ የክፍያ መጠየቂያ ነው።» ይህኛው ስህተት ኪስ ይጎዳል። ክፍያ የሚጠየቀው በኢንቮይስ ነው። ቢል ኦፍ ሌዲንግ ግን አጓጓዡ ዕቃውን መረከቡን ያረጋግጣል፣ ለማጓጓዣ ውሉም ማስረጃ ይሆናል። በሌላ ሰው ስም ሊተላለፍ የሚችል ዓይነት ከሆነ ደግሞ ዕቃውን የመረከብ መብት የሚኖረው ኦሪጅናሉን በአግባቡ የያዘው ሰው ነው። እንደ ተራ ደረሰኝ መሳቢያ ውስጥ አይጣልም።

«ሌድና ሎድ ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው።» እኛ «ጭነት»ን ያገኘነው ከ«ጫነ» ስለሆነ እንዲህ ብናስብ አይገርምም። ነገር ግን «ሎድ» የመጣው መንገድ፣ ጉዞ የሚል ትርጉም ከነበረው ሌላ ጥንታዊ ቃል ነው። መንገደኛ የሚመራበት የሰሜን ኮከብ «ሎድስታር» መባሉ ከዚያ የተረፈ ነው። ሸክም ወደሚለው ትርጉም የሳበው የ«ሌድ» ጉርብትና ነው።

«ሌድ መጫን ብቻ ነው።» እኔ በጣም የምወደው ይህን ነው። ቃሉ ውሃ መቅዳት፣ መጨለፍም ማለት ነበር። እኛ ከ«ጨለፈ» «ጭልፋ»ን እንዳወጣን፣ እንግሊዞችም ከ«ሌድ» ጭልፋቸውን «ሌድል» ብለዋል። እኛ በሁለት ግሶች የምንለየውን እነሱ በአንዱ ይዘውት ኖረዋል።

«ቃሉ ሞቷል።» እንደ ተራ ግስ፣ አዎ፣ ሊሞት ተቃርቧል፤ ዛሬ መኪና ስትጭኑ «ሌድ» ብትሉ እንግዳ ይሆናል፣ «ሎድ» በሉ። «ሌደን» የሚለው ቅርጹ ግን ሕያው ነው። በ1611 በታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ማቴዎስ 11፥28 ላይ፣ የእኛው «ሸክማችሁ የከበደ» ያለውን «ሄቪ ሌደን» ይለዋል። ለመከራ ብቻም አይደለም፤ ፍሬ የተንዠረገገበት ዛፍም «ሌደን» ነው።

ጀርመን አገር ያላችሁ ደግሞ ሥጋ ዘመዱን በየቀኑ ትጠሩታላችሁ፤ ስልክ ቻርጅ ስታደርጉ የምትሉት «ላደን» እሱ ነው።