«ልጁ የሰውዬው አባት ነው»፦ አባባሉ ከየት መጣ? ምን ማለትስ ነው?

አባባሉ የመጣው ከእንግሊዝ ነው። መጀመሪያ ሲሰሙት ግር ይላል። ልጅ እንዴት አባት ይሆናል? አብዛኛው ሰው የሚፈታው እንዲህ ነው፦ የሰው ጠባይ ከልጅነቱ ይታወቃል። አንድ ስመ ጥር ሙዚቀኛ በሕፃንነቱ ድስት እየመታ ቤቱን ያውክ ነበር ሲባል፣ «አየህ፣ ልጁ የሰውዬው አባት ነው» ይባላል። ይህ አፈታት ስህተት አይደለም። ግን አባባሉ ከተወለደበት ግጥም ጋር ሲነበብ ከዚህ የሚበልጥ ነገር ይዟል። እኔ እንደማነበው የአባባሉ ልብ ትዝታ ነው።

የጠባዩ ሐሳብማ ቀድሞም ነበር። እንግሊዛዊው ገጣሚ ጆን ሚልተን በ1671 ባሳተመው «ፓራዳይዝ ሪጌይንድ» ውስጥ፣ ጠዋት ቀኑን እንደሚያሳይ ልጅነትም ሰውዬውን ያሳያል የሚል ስንኝ አለ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ነገሩን ገልብጦ ልጁን አባት ያደረገው ግን ሌላው እንግሊዛዊ ገጣሚ ዊሊያም ወርድስወርዝ ነው።

ቀኑ ሳይቀር ይታወቃል። ማርች 26 ቀን 1802 ነው። ወርድስወርዝ በሰሜን እንግሊዝ፣ በሐይቆችና በተራሮች መካከል ባለችው ግራስሚር መንደር ከእህቱ ከዶሮቲ ጋር ይኖር ነበር። ዕድሜው 31 ነው። ዶሮቲ በማስታወሻ ደብተሯ፣ እሷ ወደ አልጋዋ ስትገባ እሱ «ቀስተ ደመና»ን እንደጻፈ መዝግባለች። ግጥሙ ዘጠኝ መስመር ብቻ ነው። ሐሳቡ እንዲህ ይሄዳል፦ ቀስተ ደመና (እኛ የማርያም መቀነት የምንለው) ሰማይ ላይ ሳይ ልቤ ይዘላል። ልጅ ሆኜ እንዲህ ነበር፤ አድጌም እንዲሁ ነው። ሳረጅም እንዲሁ ይሁን፤ ካልሆነ ግን ሞቴን! ወዲያው ያ መስመር ይመጣል፦ ልጁ የሰውዬው አባት ነው። መጨረሻው ምኞት ነው፤ ቀኖቼ አንዱ ከአንዱ ጋር በአክብሮት ታስረው ቢቀጥሉልኝ ይላል።

«ካልሆነ ሞቴን» የሚለውን ልብ በሉ። ጠባይ ከልጅነት ይታወቃል የሚል ሰው እንዲህ አይልም። ይህ የሚፈራ ሰው ቃል ነው። የሚፈራውም በቀስተ ደመና የሚደነቀው ልጅ ውስጡ እንዳይሞትበት ነው። ልጅ ለአባቱ ክብር እንዳለበት፣ አዋቂውም ድሮ ለነበረው ልጅ ዕዳ አለበት። ዕዳው የሚከፈለው ደግሞ በማስታወስ ነው።

ትዝታ እንዴት ሰውን እንደሚወልድ ማየት የፈለገ «ዘ ፕሬሉድ» የተባለውን ረጅም የሕይወት ታሪክ ግጥሙን ይክፈት። ወርድስወርዝ እናቱን ያጣው ስምንት ዓመት ሳይሞላው ነው። በ1783 የገና ዕረፍት ሲደርስ የ13 ዓመት ተማሪ ነበር። እሱንና ወንድሞቹን ወደ ቤት የሚወስዷቸው ፈረሶች እስኪመጡ ቸኩሎ አንድ ገደል አናት ላይ ወጣ። ቀኑ ጭጋጋማና ነፋሻ ነው። ልጁ የድንጋይ ካብ ተጠግቶ ተቀመጠ። በቀኙ አንዲት በግ፣ በግራው አንድ እሾሃማ ዛፍ። ጉሙ ገለጥ ባለ ቁጥር መንገዱን ያያል። ቤት በደረሰ በአሥር ቀን ውስጥ አባቱ ሞተ።

ከዚያ በኋላ ያ ነፋስ፣ ያቺ ብቸኛ በግ፣ ያ ካብ አልተለዩትም። እየደጋገመ ወደ እነሱ ይመለስ እንደነበር፣ ከምንጭ እንደሚጠጣም ይጠጣቸው እንደነበር ይናገራል። እንዲህ ያሉትን ትዝታዎች «የጊዜ ነጥቦች» ይላቸዋል፤ የተጎዳ አእምሮ የሚጠገንባቸው ናቸው። እኔን የሚገርመኝ ይህ ነው፦ ትዝታው የሐዘን ትዝታ ነው፤ የሚሰጠው ግን ብርታት ነው።

ደስታውም ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። ኤፕሪል 15 ቀን 1802 ከዶሮቲ ጋር በኡልስዋተር ሐይቅ ዳር ሲያልፉ ዳፎዲል የተባሉ ቢጫ አበቦች በነፋስ ሲወዛወዙ አዩ። ዶሮቲ በደብተሯ ጻፈችው። እሱ ግጥሙን የጻፈው በ1804 ነው። አበቦቹን እያየ ሳለ ምን ሀብት እንዳገኘ አልገባውም ነበር። የገባው በኋላ፣ ሶፋ ላይ ጋደም ብሎ በውስጥ ዓይኑ ሲያያቸው ነው። የውስጥ ዓይንን የሚያነሱትን ሁለት መስመሮች ያዋጣችው ባለቤቱ ሜሪ ናት፤ ከግጥሙ ምርጦቹ እነሱ እንደሆኑ ራሱ መስክሯል።

እኛ «ልጅነቴ፣ ማርና ወተቴ» ስንል አለፈ፣ አይመለስም ብለን ነው። ወርድስወርዝ የልጅነት ማር ካስታወሱት አዋቂውን መመገብ ይቀጥላል ባይ ነው። ይቀጥላል ወይ ብሎ ግን ራሱም ተጨንቋል። ቀስተ ደመናውን በጻፈ ማግስት፣ ቁርስ ላይ ሌላ ግጥም ጀመረ። በዚህኛው ቀስተ ደመናው አሁንም ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ከምድር ላይ ግን አንድ ግርማ ጠፍቷል ይላል። የት ሄደ? ብሎ ጠይቆ ግጥሙን አቆመው። ጨርሶ የመለሰው በ1804 ነው፦ ያ ግርማ አይመለስም፤ ግን በቀረው ነገር ብርታት እናገኛለን።

በ1815 ግጥሞቹን እንደገና ሲያሳትም፣ የቀስተ ደመናውን የመጨረሻ ሦስት መስመሮች ወስዶ በዚህ ግጥም ራስጌ አኖራቸው። ዛሬም ግጥሙን የሚከፍት ሰው፣ የጠፋውን ግርማ ከማንበቡ በፊት የሚያገኘው «ልጁ የሰውዬው አባት ነው» የሚለውን ነው።