ማርከሻ ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንድ ሰውዬ በሬዲዮ «የፀረ ተባይ መርዝ ማርከሻ አለው፤ አንድ መርፌ ከተወጋ ይድናል» ሲል ሰማሁ። ስንት ጊዜ እንደሰማሁት! ድንገተኛ ክፍል ለሚሠራ ሰው ይህ ያንገበግባል።

ለማላታይንና ለዘመዶቹ ነፍሳት ማጥፊያዎች የምንሰጠው አትሮፒን የሚባል መድኃኒት ነው። አትሮፒን ግን መርዙን አያረክስም፤ ጭራሽ አይነካውም።

ነርቭ ትእዛዙን የሚያደርሰው በተላላኪ ነው እንበል። ተላላኪው በር አንኳኩቶ ሲጨርስ የሚያባርረው ዘበኛ አለ። መርዙ ይህን ዘበኛ ጠፍሮ ያስረዋል። ተላላኪዎች በሩ ላይ ይከማቻሉ፤ ማንኳኳቱ አያባራም። ምራቅ፣ ላብ፣ ተቅማጥ፣ በፈሳሽ የሚሞላ ሳንባ ይከተላል። አትሮፒን በሩን ከውስጥ ደግፎ የሚይዝ ሰው ነው። ዘበኛው እንደታሰረ ነው። ውጭ ያሉት ከበዙ ደጋፊውም መብዛት አለበት። የጡንቻን በር ደግሞ አይደግፍም፤ ሳንባው ደርቆም መተንፈሻ ጡንቻው ሊዝል ይችላል። ዘበኛውን የሚፈታው ፕራሊዶክሲም የሚባል ሌላ መድኃኒት ነው፤ እሱም ቋጠሮው ሳይከር ከተደረሰ። በጥቅሙ ላይ ጥናቶች አልተስማሙም።

ስለዚህ «አንድ መርፌ» የሚባል ነገር የለም። ለአዋቂ 2 ሚሊግራም አትሮፒን ሰጥተን 5 ደቂቃ እንጠብቃለን። ማዳመጫውን ደረቱ ላይ አድርገን ሳንባው አሁንም ከተንኮረኮረ 4፣ ከዚያ 8፣ ከዚያ 16። የምናቆመው ሳንባው ሲጠራ፣ የልብ ምቱና የላይኛው የደም ግፊቱ ከ80 ሲያልፉ ነው። የዓይን ብሌን ሰፋ ብሎ ማቆም ስህተት ነው። አትሮፒን ሲበዛም ያስቃዣል፣ ያተኩሳል፤ በሽተኛው አጠገብ ሰው መጥፋት የለበትም።

ሁሉም ፀረ ተባይ ማላታይን አይደለም። እህል ጎተራ ውስጥ የሚቀመጠው የአሉሚኒየም ፎስፋይድ ክኒን ማርከሻ የለውም። አረም ማጥፊያው ፓራኳትም የለውም፤ እሱ ላይ ያለ አስፈላጊነት የተሰጠ ኦክስጅን እንኳ ሳንባውን ያባብሳል። ወተትም አያረክስም። ራሱን ለሳተ ሰው ከተጋተ ሳንባው ውስጥ ይገባል።

አንድ ገበሬ በጀርባው ያዘለው መርጫ እያፈሰሰ ሸሚዙን አርሶት መጣ። መጀመሪያ ልብሱን አውልቀን በሳሙና አጠብነው። መርዙ በሃይላንድ ጠርሙስ የተቀዳ ነበር፤ ስሙን የሚያውቅ የለም። የነጭ ሽንኩርት የመሰለ ሽታውንና እንደ መርፌ ጫፍ የጠበበ ብሌኑን አይተን ጀመርን። ልጁ ወደ ቤት ሮጦ ዋናውን ዕቃ ከነወረቀቱ ያመጣልን ሦስተኛውን አትሮፒን ስንሰጥ ነው።