ሳህኑ ባዶውን አይመለስም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ እንኳን ለጳጉሜን አደረሳችሁ። እንቁጣጣሽ ደረሰ። ሁላችንም «ለእነ እከሌ ምን ይዤ ልሂድ?» ማለት ጀምረናል። ዛሬ ስለዚሁ ልጻፍላችሁ።

የምኖረው ሱሉልታ ነው፣ ከእንጦጦ ጀርባ። ከአጥራችን ማዶ ሜዳው ይጀምራል። ክረምቱን ውኃ ተኝቶበት ይከርምና መስከረም ሲጠባ አደይ ይለብሳል። ጎረቤቴ እማማ (ስማቸውን ብጽፍ ይቆጡኛል) ሁለት ላሞች አሏቸው።

ባለፈው እንቁጣጣሽ ከከተማ የስጦታ ቅርጫት ገዛሁላቸው። ብስኩት፣ ሻማ፣ የፕላስቲክ አበባ። ሁሉም በሚያብረቀርቅ ላስቲክ ተጠቅልሏል፤ ላዩ ላይ ቀይ ሪቫን አለው። ከእሱ ጋር ድፎ ዳቦ በሳህን አድርጌ ወሰድኩ። እማማ ቅርጫቱን አገላብጠው አዩትና «ልጄ፣ ስጦታው ልብሱ ነው ወይስ ውስጡ?» አሉኝ። ተሳሳቅን።

በማግስቱ ግን ሳቅ የለም። ላስቲኩን ነፋስ ወስዶት ኖሮ አንደኛዋ ላም አጥር ሥር ቆማ ታኝከዋለች። እማማ ሮጠው መንጋጋዋን ያዙ። እጃቸውን እስከ አንጓቸው ከተው ጎትተው አወጡት። በምራቅ ርሷል፣ ተቦጫጭቋል፣ አሁንም ያብረቀርቃል። ላሟ ደህና ናት፣ ተመስገን። እኔ ግን ያን ቀን የምገባበት ጠፋኝ።

ሳህኔ የተመለሰው ጥቅምት ሲገባ ነው። እንደረሱት ቆጥሬው ነበር። ለካ ባዶውን ላለመመለስ እሸቱ እስኪደርስ እየጠበቁ ኖሯል። የባቄላ እሸት ሞልተው፣ ጠርዙ በተላጠ በራሳቸው ሳህን ከድነው ላኩት። እየፈለፈልን በላን። ልጣጩን ልጄ ለላሞቹ ወሰደው። ከዚያ ስጦታ የሚጣል ነገር ብፈልግ አጣሁ።

በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ጌታ በአምስት የገብስ እንጀራና በሁለት ዓሣ አምስት ሺህ ሰው መገበ። ከጠገቡ በኋላ «አንድ ስንኳ እንዳይጠፋ የተረፈውን ቍርስራሽ አከማቹ» አላቸው። አሥራ ሁለት መሶብ ሞላ። ይህን ቦታ ብዙ ጊዜ አንብቤ አልፌዋለሁ። እንጀራን እንደፈለገ ማብዛት የሚችል ጌታ ፍርፋሪ ለምን ያስለቅማል? ነገ ቢርባቸው እንደገና ያበዛላቸው የለም ወይ? እኔ እንደሚመስለኝ፣ በረከት ሲበዛ ይረክሳል፤ የሰው ጠባይ ነው። ጌታ ያን ቀን ሆዳቸውን ካጠገበ በኋላ እጃቸውን አስተማረ። እናቶቻችን «እንጀራ አይረገጥም» ብለው ያሳደጉን ያው ትምህርት ነው።

የምንጥለው ነገር የት እንደሚሄድ ደግሞ እናውቃለን። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሌላኛው ዳር፣ ረጲ፣ ቆሼ የምንለው የቆሻሻ ተራራ ተንዶ ከ110 በላይ ወገኖቻችን ሞቱ። ከሥሩ ቤት ቀልሰው የሚኖሩ ነበሩ። የእኔ ሪቫን ሰው ገደለ አልልም። ግን ያ ተራራ ከእያንዳንዳችን ደጅ በተጫነ የተከመረ ነው። ነፍሳቸውን ይማር።

ታዲያ ምን እንስጥ? ቤተ ክርስቲያን ዓመቱን በአራት ወቅት ከፍላ ታስበዋለች፤ ክረምት፣ መጸው፣ በጋ፣ ጸደይ። እግዚአብሔርም በኖኅ ዘመን፣ ከጥፋት ውኃ በኋላ፣ «መዝራትና ማጨድ፥ ብርድና ሙቀት፥ በጋና ክረምት፥ ቀንና ሌሊት አያቋርጡም» ብሏል። ወቅቱ ራሱ ስጦታ ይዞ ይመጣል። ከእኛ የሚፈለገው እንደ እማማ መጠበቅ ነው።

በክረምት ችግኝ ስጡ። ለክርስትና የተጠራ ሰው ልብስ ከሚደራርብ፣ በሐምሌ ዝናብ አንድ የወይራ ወይም የኮሶ ችግኝ ይዞ ቢሄድ ልጁና ዛፉ አብረው ያድጋሉ።

ለእንቁጣጣሽ ልጆቹ በእጃቸው ይሳሉ። ከሱቅ የታተመ ካርድ ገዝቶ ማዞር ምኑም አይጥመኝ። ጠማማም ቢሆን የልጅ አበባ ይሻላል። አደይ ሲቀጥፉም ከነሥሩ እንዳይነቅሉ፣ ሜዳውንም እንዳይጨርሱት ንገሯቸው። አደይ ዘሩን ካላራገፈ ለከርሞ ምን ይበቅላል? መዝሙረኛው «ትባርክ አክሊለ ዓመተ ምሕረትከ» ይላል፤ የምሕረትህን ዓመት አክሊል ትባርካለህ ማለቱ ነው። የዓመቱን አክሊል ራሱ ባለቤቱ ደፍቶለታል፤ ሪቫን የሚጨምርለት ነገር የለም።

ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ዘመነ ጽጌ ነው። የእመቤታችንን ስደት እያሰብን ማኅሌት የምንቆምበት ጊዜ። ንቦቹም ሥራ ላይ ናቸው፤ ማሩ ያኔ ይቆረጣል። ለታመመ፣ ለአራስ፣ ለንስሐ አባት ከማር የተሻለ ምን አለ? በጠርሙስ ስጡ፣ ጠርሙሱ ይመለሳል። ባዶውን ግን አይመለስም፣ ታውቃላችሁ። በዐቢይ ጾም ብቻዋን ለምትኖር እናት ስልጆ ወይም የተቆላ ተልባ ብትወስዱላት ሃምሳ አምስቱን ቀን ታስባችኋለች።

ለገና ጥድ የምትቆርጡ ሰዎች፣ እባካችሁ ዛፉን ተዉት። የመጀመሪያዎቹ የልደት ስጦታዎች ወርቅ፣ ዕጣንና ከርቤ ነበሩ። ዕጣን በእኛም አገር ይወጣል፤ በትግራይ፣ በመተማ በኩል። የዛፉን ልጥ ፋቅ ያደርጉታል፣ ያለቅሳል፣ ዕንባው ሲደርቅ ይለቅሙታል። ካልጨከኑበት ዛፉ ይኖራል። ሲጤስም ሽታው ወደ ላይ ይሄዳል፣ ጥቂት አመድ ይቀራል። በትንሽ ጨርቅ ቋጥሮ ለቤተ ክርስቲያን ወይም ለቡና ወዳጅ መስጠት ለገና ይበቃል።

አንድ ነገር ግን እንዳንሳሳት። አናባክንም ማለት የማንፈልገውን ሰው ላይ እናራግፍ ማለት አይደለም። በነቢዩ ሚልክያስ ዘመን ዕውሩንና አንካሳውን በግ ለመሥዋዕት ያመጡ ነበር፤ እግዚአብሔር «ለአለቃህ አቅርበው፣ ይቀበልህ እንደሆነ» ነው ያላቸው። የተበሳ ሹራብ ለድሃ ሰጥቶ «ተባረክሁ» ማለት ያው ነው። ጣቢታን አስታውሱ። ስትሞት መበለቶቹ እያለቀሱ ለጴጥሮስ ያሳዩት በእጇ የሰፋችላቸውን ልብስ ነበር። ያረጀ ጋቢ አጥቦ፣ ጠርዙን ሰፍቶ ለአራስ ልጅ መታቀፊያ ማድረግ ስጦታ ነው። ሳይታጠብ ከሆነ ግን መገላገል ነው።

የእማማ ሳህን፣ ያ መክደኛ የነበረው፣ እስካሁን እኔ ጋ ነው። ዓመት ሊሞላው! አፍሬያለሁ። ባለፈው ኅዳር ውርጭ የእሳቸውን ጤናአዳም ጨርሶ መታው፤ ከዚያ ወዲህ ቡናቸውን ያለ ጤናአዳም ነው የሚጠጡት። የእኔ ግን ቤቱ ተጠግቶ ስለነበር ተርፏል። እሱንም ከዓመታት በፊት ቅርንጫፉን ቆርጠው የሰጡኝ ራሳቸው ናቸው። በሐምሌ አንድ ዘንግ ቆርጬ በአሮጌ የዘይት ጣሳ ተከልሁ። ለእንቁጣጣሽ ጣሳውን ሳህናቸው ላይ አስቀምጬ እወስደዋለሁ። ሥር ይያዝ አይያዝ ገና አላረጋገጥሁም፤ ልጄ ለማየት በየቀኑ እየነቀነቀ አስቸግሮኛል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።